የድርጅት ስልክ እንዴት ይቆረጣል? መክፈል ማቆም ለምን አይበቃም?

ሐምሌ ሲገባ ነጋዴ ሁሉ ወረቀት ያገላብጣል። ሂሳብ ይዘጋል፣ ግብር ይከፈላል፣ ንግድ ፈቃድ ይታደሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ ድርጅት ያለው ሰው የዓመቱን ወጪ አንድ በአንድ ሲያይ የስልክና የኢንተርኔት ቢል ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ በ011 681 የሚጀምር መደበኛ ስልክ አለ፤ ማንም አያነሳውም። ሥራ የለቀቀ የሽያጭ ሠራተኛ ይዞት የሄደ ሲም አለ። ለድሮው ሱቅ የገባ፣ አሁን ሰው የማይጠቀምበት ብሮድባንድም አለ። ወር በመጣ ቁጥር ሁሉም ይቆጥራሉ።

«ለምን አላስቆርጠውም?» የሚባለው ይሄኔ ነው። ሐሳቡ ደግ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ብዙ ሰው አቋራጭ ይመርጣል። መክፈሉን ይተዋል፣ ሲሙን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይጥላል፣ «በቃ ተቆረጠ» ይላል። አልተቆረጠም። ውሉ እንዳለ ነው።

ዝም ብዬ ብተወውስ?

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አገልግሎት መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ቅድመ ክፍያ ነው። ካርድ ይሞላሉ፣ ያወራሉ፣ ሲያልቅ ይቆማል። ወር በወር የሚጠራቀም ዕዳ የለውም። ትተውት ቢሄዱ የሚያጡት ቁጥሩን ነው፤ ረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙበት ቁጥር ይዘጋና ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል።

ሌላው ድኅረ ክፍያ ነው፤ ብዙዎቻችን ፖስትፔይድ የምንለው። መጀመሪያ ይጠቀማሉ፣ ከዚያ ቢል ይመጣል። የድርጅት ሞባይል፣ መደበኛ ስልክና ብሮድባንድ በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ቢሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የተጠቀሙበት ሂሳብ ነው። ሁለተኛው ወርሃዊ ኪራይ ነው፤ ወሩን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ባይደውሉ ይቆጠራል። የሚከፍሉት ለጥሪው ብቻ ሳይሆን መስመሩ ለእርስዎ ተይዞ ለመቆየቱም ጭምር ስለሆነ ነው።

ነገሩ ከኪራይ ቤት ጋር አንድ ነው። ዕቃዎን ጭነው ቁልፉን ሳያስረክቡ ቢሄዱ፣ ቤቱ ባዶም ቢሆን ኪራዩ ይቆጥራል። አከራዩ መውጣትዎን በምን ይወቅ?

ቢል ሳይከፈል ሲቆይ አገልግሎት ሰጪው መስመሩን ያግዳል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «ራሳቸው ቆረጡልኝ» ብሎ ያርፋል። ማገድ ግን ማቋረጥ አይደለም። ያልተከፈለው ሂሳብ በስምዎ ይቆያል፤ እንደ ውሉ አጻጻፍ በእገዳ ላይ ላለ መስመርም ኪራይ ሊጠየቅ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1845 መሠረት ከውል የመጣ ዕዳ፣ ሕጉ ሌላ አጭር ጊዜ ካላስቀመጠለት በስተቀር፣ እስከ 10 ዓመት ድረስ በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። በተግባር ግን ነገሩ የሚነሳው ፍርድ ቤት ሳይደርስ ነው። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ለአዲሱ ቢሮ ኢንተርኔት ሊያስገቡ ሄደው፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስክሪኗን አይታ «በዚህ ቲን ያልተከፈለ ሂሳብ አለ» ትላለች። የዚያን ቀን ክርክር ትርጉም የለውም። ከፍሎ መሄድ ብቻ ነው።

መስመሩ በማን ስም ነው?

የሞኝ ጥያቄ ይመስላል። ጉዳዩ በብዛት የሚሰናከለው ግን እዚሁ ነው። ውል ማቋረጥ የሚችለው የተዋዋለው ሰው ነው። ቢሉን የሚከፍለው ሌላ ሰው ቢሆንም ለውጥ የለውም።

የግለሰብ ነጋዴ ከሆኑ፣ ማለትም ንግድ ፈቃዱ በራስዎ ስም ከሆነ፣ ድርጅቱና እርስዎ በሕግ ዓይን አንድ ናችሁ። መታወቂያዎን ይዘው ይቀርባሉ፤ ዕዳ ቢኖርም የእርስዎ የራስዎ ነው። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ማኅበሩ የራሱ ሰውነት አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ማኅበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ብቻቸውን እየሠሩም በማኅበር ስም የተዋዋሉ አሉ። ለማኅበር የሚዋዋለውም የሚያቋርጠውም ሥራ አስኪያጁ ነው። ባለቤቱ «ድርጅቱ የኔ ነው» ቢል አይበቃም። ሥራ አስኪያጅ ተቀይሮ ከሆነ ሹመቱን የሚያሳየው ቃለ ጉባኤ ይጠየቃል።

ችግሩ የሚመጣው መስመሩ ከሁለቱም ውጪ በሆነ ሰው ስም ሲገኝ ነው። ድርጅቱ ሲጀመር ፈቃዱ ገና ስላልወጣ በወንድም ስም የወጣ ሲም ይኖራል። አዲስ አበባ የሄደች የድሮ ጸሐፊ በራሷ መታወቂያ ያወጣችው ቁጥርም ይኖራል። ሱቁ ሲከራይ አብሮ የመጣ፣ በአከራዩ ስም ያለ መደበኛ ስልክማ በየቤቱ ነው። ቁጥሩ ማስታወቂያው ላይ ቢለጠፍና ቢሉ በድርጅቱ ቢከፈልም፣ በወረቀት ግን የድርጅቱ አይደለም። መፍትሔው ከሁለት አንዱ ነው፤ ባለስሙ ራሱ ቀርቦ ያቋርጣል፣ ወይም ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና ይሰጥዎታል። ውክልናው ላይ «የስልክ አገልግሎት ውል ማቋረጥና ሂሳብ መተሳሰብ» የሚል ነገር በግልጽ ቢጻፍ ይመረጣል። ጠቅላላ ውክልና ይዘው ሄደው የተመለሱ ሰዎች አሉ።

ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ የሚመጣ ሰው መንገድ ከመነሳቱ በፊት ይደውል። ኢትዮ ቴሌኮም ለድርጅት ደንበኞች 980፣ ለግለሰብ 994 አለው። ሳፋሪኮም ደግሞ 700 ነው። የሚጠየቁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መስመሩ በማን ስም እንደተመዘገበና የድርጅት መስመር የሚቋረጠው የትኛው ማዕከል እንደሆነ። ሲም የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ውል አያቋርጥም።

ውሉ ላይ ምኑን ልይ?

ውሉን መጀመሪያ ማግኘት ያስፈልጋል። ሰሜን ሸዋ ላይ ይሄ ራሱ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያዳርስ፣ ከዕቃው ጋር የጠፋው ፋይል ብዙ ነው። ወረቀቱ ጠፋ ማለት ግን ውሉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ሌላው ወገን ጋ አንድ ቅጂ አለ። በማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ኮፒ መጠየቅ ይቻላል። ኮፒውን ሳያዩ «አቋርጡልኝ» የሚል ደብዳቤ ባይጽፉ ይመረጣል፤ ምን እንደፈረሙ ሳያውቁ ነው የሚወጡት።

ሲያገኙት መጀመሪያ የሚያዩት የውሉን ዘመን ነው። ጊዜው ያልተወሰነ ውል ከሆነ ቀላል ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መውጣት ይቻላል። ለ12 ወይም ለ24 ወር የታሰረ ውል ከሆነ ግን ከጊዜው በፊት መውጣት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ቀጥሎ «በራሱ ይታደሳል» የሚል ቃል ይፈልጉ። እንዲህ ያለ ውል ዘመኑ ሲያልቅ ካልተናገሩ እንደገና ይቀጥላል፤ አንዳንዱ ለአንድ ወር፣ አንዳንዱ ለሙሉ ዓመት። ከዚያ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ይመጣል። 30 ቀን ነው? 60 ነው? በጽሑፍ ነው?

ቀን ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ውሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል፣ እኛ በሐበሻ እንቆጥራለን። ውሉ የሚያልቀው ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነው እንበል። ሰውየው «ዲሴምበር ታኅሣሥ ነው፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ያልቃል» ብሎ ይይዛል። ዲሴምበር 31 ግን ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ነው። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ደብዳቤው መድረስ ያለበት እስከ ህዳር 22 ነው። ታኅሣሥ 30ን ይዞ ህዳር 30 ላይ ደብዳቤ ያስገባ ሰው በ8 ቀን ዘግይቷል። ውሉ በራሱ የሚታደስ ዓይነት ከሆነ 8ቷ ቀን አንድ ዓመት ልታስከፍል ትችላለች። ስለዚህ ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ።

«እንዲህ ያለ ውል ሸማች ይጎዳል፣ ሕግ አይከላከልልንም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ይከላከላል፤ ግን ማንን ነው የሚለው ላይ ልዩነት አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰውን ነው። ለንግድ ሥራው መስመር የገዛ ማኅበር በዚህ ትርጉም ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ለድርጅት የሚቀረው ዋናው መደገፊያ ውሉ ራሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ትንሽ ድርጅት ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሲዋዋል አንድ ቃል እንኳ ማስቀየር እንደማይችል አውቃለሁ። ሕጉ ግን ሁለቱንም በፊርማቸው ይይዛቸዋል።

ከጊዜው በፊት ብወጣ ስንት ይመጣብኛል?

«ቅጣት አለው» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል፣ ወይም በተቃራኒው ይንቀዋል። ሁለቱም ሳይሰላ ነው። ቁጥር እናስገባ። ለምሳሌ ያህል የያዝነው ነው እንጂ የማንም ኩባንያ ታሪፍ አይደለም።

ለ24 ወር የተፈረመ የብሮድባንድ ውል አለ። ወርሃዊ ኪራዩ ከቫት በፊት 1,500 ብር ነው። 14 ወር ተጠቅመውበታል፣ 10 ወር ቀርቷል። ውሉ ላይ «ቀሪውን ኪራይ በሙሉ ይከፍላል» ከተባለ 15,000 ብር ነው። «የቀሪውን ግማሽ» ከተባለ 7,500 ብር ነው። በነፃ የተሰጠውን ራውተር ያልተከፈለ ድርሻ ብቻ የሚጠይቅ ውልም ይኖራል፤ ራውተሩ 6,000 ብር ተገምቶ ከሆነ፣ ለ24 ሲካፈል በወር 250፣ ለ10 ወር 2,500 ብር ይሆናል።

አሁን ከመቆየት ጋር ያስተያዩት። በመጀመሪያው ዓይነት ውል ማቋረጥ አንድ ሳንቲም አያተርፍም። እየተጠቀሙበት ጊዜውን ቢጨርሱ ያው 15,000 ነው። በሁለተኛው 7,500 ብር ይድናል። በሦስተኛው ዛሬውኑ መውጣት ነው። ወደ ዝቅተኛ ጥቅል መውረድ የሚፈቀድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ስሌት ይመጣል። በወር 600 ብር የሆነ ጥቅል ካለ ለ10 ወር 6,000 ብር ነው፤ ከግማሽ ቅጣቱ ይረክሳል፣ አገልግሎቱም አይቋረጥም።

ቫቱን አይርሱ። በቢሉ ላይ 15 በመቶ ይጨመራል፣ 1,500ው 1,725 ይሆናል። የቫት ተመዝጋቢ ከሆኑ በግዢ የከፈሉትን ቫት ከሚሰበስቡት ላይ ስለሚያቀናንሱ ስሌቱን ያለ ቫት ይሥሩት። ተመዝጋቢ ካልሆኑ ግን ቫቱ ከኪስዎ የወጣ ወጪ ነው፤ ይደምሩት። ደረሰኙ ላይ የድርጅቱ ስምና ቲን በትክክል መኖሩንም ይዩ፤ በወንድም ስም የወጣ ደረሰኝ ለሂሳብ አይሆንም።

ይህ መቀጫ ሕጋዊ ነው ወይ? አዎ። ተዋዋዮች ውሉን ያልፈጸመ ስንት እንደሚከፍል አስቀድመው መወሰን እንደሚችሉ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ይደነግጋሉ። ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ፍርድ ቤት መቀጫውን ሊቀንስ ይችላል። ለጥቂት ሺህ ብር ጠበቃ ቀጥሮ መከራከር ያዋጣል ወይ የሚለውን ግን ባለቤቱ ያስብበት። እኔ ብሆን ከክርክሩ በፊት የድርድር ደብዳቤ እጽፋለሁ።

የግድ መቁረጥ አለብኝ?

የግድ አይደለም። ሱቁን ለሌላ ሰው ሸጠው ከሆነ ስም ማዛወር አለ፤ ገዢው ቁጥሩን ይፈልገዋል፣ ደንበኛው የሚያውቀው እሱን ነውና። ከቀበሌ ቀበሌ ከቀየሩ መስመሩን ማዛወር ይቻላል፤ አዲሱ ሰፈር መስመር መድረሱን አስቀድሞ ማጣራት ብቻ ነው። ክረምቱን ሥራ የሚቀዘቅዝበት ድርጅት ከሆነ መስመሩን ለጊዜው ማሳገድ እንደሚቻልና ኪራዩ እንደሚቆም ወይም እንደሚቀጥል ይጠይቁ። የሞባይል መስመርን ከድኅረ ክፍያ ወደ ቅድመ ክፍያ መቀየር ደግሞ ለትንሽ ድርጅት ብዙ ጊዜ ከሁሉ ይሻላል፤ ቁጥሩ ይቀራል፣ ወርሃዊ ኪራዩ ይሄዳል።

ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ «ወደዚያኛው ልዙር» የሚል ሐሳብም መጥቷል። ምርጫ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን በ09 የሚጀምረው ቁጥርዎ አብሮ እንደሚሄድ ገምተው የድሮውን አይቁረጡ። መጀመሪያ አዲሱን ያስገቡ፣ ሱቁ ውስጥና መጋዘኑ ውስጥ ኔትወርኩ መያዙን ይሞክሩ፣ የድሮውን ቀስ ብለው ይዝጉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ላቋርጥ ሲሉ «ቅናሽ እናድርግልዎ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ቅናሹ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ከጀርባው አዲስ የ24 ወር ፊርማ አለ። በስልክ «እሺ» ብለው አይዝጉት። በወረቀት ይምጣ፣ ይነበብ፣ ከዚያ ይወሰን።

ከመቁረጤ በፊት ቁጥሩ ላይ ምን ተንጠልጥሏል?

ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ውሉን ከማቋረጥ ይልቅ ቁጥሩን ከሥራው መፍታት ነው ከባዱ።

ስልክ ቁጥር ዛሬ ለመደወያ ብቻ አይደለም። የድርጅቱ ቁልፍ ነው ማለት ይቻላል። የሞባይል ባንኪንግ መልእክት የሚመጣው በሱ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደንበኛ የሚከፍለው በሱ ነው፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የነጋዴ ኮድም ከሱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ብርድ ልብስና ምንጣፍ የሚሸጥ ድርጅት ፎቶ የሚለጥፍበት የቴሌግራም ቻናል የተከፈተው በዚያው ቁጥር ነው። ኢሜይሉ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ኮድ የሚልከው ወደሱ ነው። የግብር ማስታወቂያው መለያም እንዲሁ።

ቁጥሩ ከተዘጋ በኋላ ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ያ ሰው መጥፎ ሰው ላይሆን ይችላል። ነገር ግን የእርስዎ ባንክ የሚልከው ኮድ እሱ ስልክ ላይ ይደርሳል። የእርስዎ ደንበኛ ገንዘብ ልኮለት «ደረሰህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ በቴሌብር ያለውን ቀሪ ብር ያውጡ ወይም ያዛውሩ፣ ባንክ ቀርበው አዲሱን ቁጥር ያስመዝግቡ፣ ቴሌግራሙንና ኢሜይሉን ወደ አዲሱ ይቀይሩ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው የድሮው ሲም ገና በሕይወት እያለ ነው። መስመሩ ከሞተ በኋላ «ኮድ ተልኮልዎታል» የሚል መልእክት ያለ ተቀባይ ይቀራል።

ሁለተኛው የሚረሳው ነገር ማንም የማያያቸው ሲሞች ናቸው። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ይመልከቱ፤ ካሽ ሬጂስተር የምንለውን። የዕለት ሽያጩን ለግብር ሰብሳቢው የሚልከው በውስጡ ባለች ሲም ነው። የድርጅቱን ቁጥሮች በጅምላ «ሁሉንም ዝጉ» ብሎ የጻፈ ሰው ይህችንም አብሮ ይዘጋታል። ማሽኑ ደረሰኝ መቁረጡን ሊቀጥል ይችላል፣ ሪፖርቱ ግን አይሄድም። ጥያቄው የሚመጣው ከስልኩ ኩባንያ ሳይሆን ከገቢዎች ነው። የባንክ ፖስ ማሽን፣ የጭነት መኪናው ላይ የተገጠመ ጂፒኤስ፣ የመጋዘን ካሜራ፣ የበር ማንቂያ፣ እነዚህም ሲም ሊኖራቸው ይችላል። ቢሉን ይዞ ቁጥር በቁጥር እየደወሉ «ይሄ የት ነው ያለው?» ማለት ነው። ደውለው የማይጠራ ግን ኢንተርኔት የሚበላ ቁጥር ካገኙ፣ እሱ ከማሽን ውስጥ ነው።

ደብዳቤው ምን ይበል?

አጭር ይሁን። ምሬት፣ ታሪክ፣ የኔትወርክ ስሞታ አይግባበት፤ ለዚያ ሌላ ደብዳቤ አለ። ለምን እንደሚያቋርጡ ማስረዳትም ብዙ ጊዜ አይጠበቅብዎትም። በድርጅቱ ማዘዣ ወረቀት፣ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት፣ እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

ቀን፦ ህዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.)
ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ውል ማቋረጥን ይመለከታል
ድርጅታችን በውል ቁጥር ....... ሲጠቀምባቸው ከቆያቸው መስመሮች ውስጥ ቁጥር ....... እና ቁጥር ....... ከታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. (ዲሴምበር 31 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እንዲቋረጡልን እንጠይቃለን። ውሉ እንዲታደስ አንፈልግም። የመጨረሻው ሂሳብ ተሠርቶ እንዲገለጽልን፣ ያስያዝነው ገንዘብ ተቀናንሶ ቀሪው እንዲመለስልን፣ ራውተሩን የምናስረክብበት ቦታ እንዲነገረንና ከዕዳ ነፃ መሆናችን በጽሑፍ እንዲሰጠን እናሳስባለን።

ከታች የሥራ አስኪያጁ ስም፣ ፊርማና ማኅተም። ከኋላ የንግድ ፈቃድ፣ የቲንና የመታወቂያ ኮፒ።

ደብዳቤው ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ያስገባሉ፤ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ «ደርሶናል» ብሎ፣ ቀን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ያደርግልዎታል። ያቺ ቀሪ ወረቀት የማስጠንቀቂያው ጊዜ መቼ መቁጠር እንደጀመረ የምታረጋግጥ ብቸኛ ማስረጃ ናት። «ትተኸው ሂድ፣ እናየዋለን» ሲባሉ ትተው አይሂዱ። በስልክ ብቻ ያቋረጡ ከሆነም የጥያቄውን ቁጥር ይቀበሉና በማግስቱ በጽሑፍ ያጽኑት።

ራውተሩን ሲያስረክቡ ከነቻርጀሩ ይሁን፤ የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበት የርክክብ ወረቀት ይቀበሉ። ከመስጠትዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ተለጣፊ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የድኅረ ክፍያ የመጨረሻ ቢል መስመሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ቢል መምጣቱ አልተቋረጠም ማለት አይደለም። ሁለተኛ ቢል ከመጣ ግን በደንብ ይጠይቁ። ለስልኩ ሂሳብ በባንክ የቆመ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ ካለም የመጨረሻው ከተከፈለ በኋላ ያስቁሙት።

አገልግሎቱ ራሱ ባይሠራስ?

ያኔ ነገሩ ይለወጣል። አንዱ ወገን ግዴታውን ካልተወጣ ሌላው ውሉ እንዲፈርስለትና ኪሳራ እንዲከፈለው መጠየቅ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1771 ይላል። ቁጥር 1772 ግን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይጠይቃል፤ «አልሠራም፣ አስተካክሉ» ብሎ ማሳወቅ ግድ ነው። ስለዚህ በተቋረጠ ቁጥር ደውሎ ማስመዝገብ፣ የተመዘገበበትን ቁጥር በደብተር መያዝ፣ ከተደጋገመ ደብዳቤ መጻፍ። ስድስት ወር ዝም ብሎ በሰባተኛው «ድሮም አይሠራም» ማለት አያስኬድም።

ሌላም ዓይነት መቋረጥ አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ የነበረው ዓይነት። እዚህ ላይ አገልግሎት ሰጪው ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ነው ሊል ይችላል፤ በቁጥር 1792 የተደነገገው ጉዳይ ነው፣ ከኪሳራ ካሳ ነፃ ሊያወጣው ይችላል። ነገር ግን ካሳ አለመክፈልና ላልተሰጠ አገልግሎት ኪራይ ማስከፈል ለየቅል ናቸው። ቢሉ ሙሉ ሆኖ ከመጣ፣ ያልሠራባቸው ቀናት እንዲቀነሱ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል፤ ውሉ ስለዚህ የሚለውን ጠቅሶ።

ድርጅቱን ራሱን የምዘጋ ከሆነስ?

ንግድ ፈቃድ መመለስ የስልክ ውሉን አይዘጋም። ሁለቱ ቢሮዎች አይነጋገሩም። ፈቃዱ ከመመለሱ በፊት ስልኩን መጨረስ ይሻላል፤ ለማቋረጥ ፈቃዱንና ማኅተሙን ስለሚጠይቁ። ፈቃድ አስረክቦ፣ ማኅተም አስረክቦ፣ ከዚያ «የሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ በማኅተም አምጣ» መባል ይመጣል። የስልክ መስመሮቹ የጀርባ ሥራ ያላቸው ከሆነ፣ ለምሳሌ የካሽ ሬጂስተሯ፣ እሷን ማሽኑ በገቢዎች በኩል ከተሰረዘ በኋላ በመጨረሻ ይዝጓት።

እምቢ ቢሉኝ ወዴት ልሂድ?

መጀመሪያ እዚያው ኩባንያው ውስጥ ቅሬታ ማቅረብ ነው፤ ከመስኮቱ ወደ ማዕከሉ ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ ድርጅት ደንበኞች ክፍል። በየደረጃው የቅሬታ ቁጥር ይቀበሉ። ይሄ ካልፈታው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮምንም ሳፋሪኮምንም ይመለከታል። ባለሥልጣኑ የሚያየው መጀመሪያ ለኩባንያው አመልክተው መልስ ያጡበትን ወይም ያልረኩበትን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ባዶ እጅ አይሄዱም። ውሉን፣ ማኅተም ያረፈበትን የማቋረጫ ደብዳቤ ቀሪ፣ የራውተሩን ርክክብ፣ ከተቋረጠ በኋላ የመጣውን ቢልና የቅሬታ ቁጥሮቹን አያይዘው፣ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ላይ በቀን ቅደም ተከተል ይጽፋሉ። ምን እንደሚፈልጉም በግልጽ ያስቀምጡ፤ ቢሉ ይሰረዝልኝ ነው፣ ማስያዣዬ ይመለስልኝ ነው፣ ወይስ የነፃ ወረቀት ይሰጠኝ? «መፍትሔ ይሰጠኝ» ብቻ የሚል ደብዳቤ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል።